ሳይነበብ የተፈረደበት ካፒቴን

እ.ኤ.አ. በ2002 መገባደጃ ላይ ማርቭል የተባለው የአሜሪካ የኮሚክስ አሳታሚ በሰባት ቁጥሮች የሚጠናቀቅ አንድ ሥራ ማውጣት ጀመረ። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ርእሱ «እውነት፦ ቀይ፣ ነጭና ጥቁር» ይሰኛል። ደራሲው ሮበርት ሞራሌስ፣ ሠዓሊው ካይል ቤከር ናቸው። መነሻ ሐሳቡ ባጭሩ ይህ ነው፦ ከሲታውን ስቲቭ ሮጀርስን ካፒቴን አሜሪካ ያደረገው መድኃኒት ቀመሩ ከጠፋ በኋላ፣ ጦሩ ቀመሩን መልሶ ለማግኘት ሲል ጥቁር ወታደሮችን መሞከሪያ አደረጋቸው። ፈቃዳቸውን የጠየቀ አልነበረም።

መጽሐፉ መደብር ከመድረሱ በፊት ክርክሩ ደርሶ ነበር። «ጀግናችንን ጥቁር ሊያደርጉት ነው» ያሉ ነበሩ። «የ1940ዎቹን ታሪክ በዛሬ ፖለቲካ ሊያርሙት ነው» ያሉም ነበሩ። በሌላው ወገን ደግሞ ገና ያላነበቡትን ሥራ ድንቅ ነው ብለው ያወደሱ አልጠፉም። መጽሐፉ ሲወጣ ሁለተኛ ጠብ ተጨመረ፤ የሥዕሉ ጠብ። የቤከር ሥዕል የጀግና ኮሚክስ አንባቢ ከለመደው የጡንቻና የጥላ ሥዕል የራቀ፣ ክብ ክብ የሚል፣ የተጋነነ፣ ለልጆች ካርቱን የቀረበ ነው። ለብዙዎች ይህ በጥቁሮች ሥቃይ ላይ እንደማላገጥ ታያቸው።

ይህን አሮጌ ጠብ ዛሬ ማንሣቴ ለኮሚክስ ካለኝ ፍቅር ብቻ አይደለም፤ ፍቅሩም ዘግይቶ የመጣ ነው። እንዲህ ያለው ሙግት በየሁለትና በየሦስት ዓመቱ ያንኑ ቃል እየደገመ ይመለሳል፤ እያንዳንዱም ዙር የሰዎች የልብ ጥበት ወይም የልብ ስፋት ጉዳይ ብቻ ተደርጎ ይተረጎማል። እኔ የኢኮኖሚክስ ሰው ነኝ። ሰዎች በብዛት አንድ ዓይነት ነገር በአንድ ዓይነት ጊዜ ሲያደርጉ፣ ወደ ልባቸው ከማየቴ በፊት የገቡበትን ገበያ ማየት ይቀናኛል።

ገበያው እንዲህ ነበር። በቀድሞው ዘመን ኮሚክስ የሚሸጠው በጋዜጣ መሸጫና በመድኃኒት ቤት መደርደሪያ ላይ ነበር፤ ያልተሸጠው ለአከፋፋዩ ይመለሳል። ከ1970ዎቹ ጀምሮ ይህ አሠራር ቀስ በቀስ ለሌላ ቦታውን ለቀቀ። በኮሚክስ ላይ ብቻ የተሰማሩ ልዩ መደብሮች መጡ፤ እነዚህ መደብሮች በተሻለ ቅናሽ ይገዛሉ፣ ነገር ግን ያልተሸጠውን መመለስ አይችሉም። ባለ መደብሩ በየወሩ የሚላክለትን ማውጫ አይቶ፣ መጽሐፉ ከመታተሙ ከሳምንታት በፊት ስንት ቅጂ እንደሚወስድ ይወስናል። ከተሳሳተ ኪሳራው የራሱ ነው። በ1990ዎቹ አጋማሽ የሰብሳቢዎች ግምታዊ ገበያ ሲፈርስ ብዙ መደብሮች ተዘጉ፤ ማርቭል ራሱ በታኅሣሥ 1996 የኪሳራ ጥበቃ ጠየቀ። የስርጭቱም ሥራ ዳይመንድ በተባለ በአንድ ድርጅት እጅ ጠቅልሎ ገባ።

እንግዲህ በ2002 የነበረውን ባለ መደብር አስቡት። ገንዘቡ ውሱን ነው፣ ያላየውን ዕቃ ይገዛል፣ መመለስ አይችልም። ደንበኛው ደግሞ «ይህን ለእኔ አስቀምጥልኝ፣ ያንን አልፈልግም» ብሎ አስቀድሞ ያስመዘግባል። በእንዲህ ያለ ሥርዓት ውስጥ ሳይነበብ የተሰጠ አስተያየት ተራ ወሬ አይደለም፤ ትዕዛዝ ነው። ሥራው ይኑር አይኑር የሚወሰነው አንባቢው ገጹን ከመግለጡ በፊት ባለው ጊዜ ነውና፣ መጮኽ የሚያዋጣውም ያኔ ነው። አፍቃሪዎቹ ሳያነቡ ፈረዱ ብለን ስንወቅሳቸው፣ ንግዱ ራሱ ሳታነቡ ፍረዱ ብሎ እንዳሠለጠናቸው መዘንጋት የለብንም። ይህ ጭፍን ጥላቻ አልነበረም ማለቴ አይደለም፤ ነበር፣ አንዳንዱም አሳፋሪ ነበር። ነገር ግን ጥላቻው ድምፁን የሚያሰማበትን ሰዓት የወሰነለት ገበያው ነው።

ከዚሁ ጋር የሚያያዝ አንድ ክርክር አለ፤ ከሁሉም ይልቅ ምክንያታዊ የሚመስለው እርሱ ነው። «ነባሩን ጀግና ለምን ትነካላችሁ? ጥቁር ጀግና ከፈለጋችሁ አዲስ ፍጠሩ።» ይህን ለብዙ ጊዜ እኔም ትክክል ነው ብዬ አስብ ነበር። ችግሩ አዲስ የመፍጠር ሙከራው መደረጉና ውጤቱም መታወቁ ነው።

በ1993 ድዌይን መክደፊ፣ ዴኒስ ካዋን፣ ማይክል ዴቪስና ዴሪክ ዲንግል የተባሉ ጥቁር ባለሙያዎች ማይልስቶን የሚባል ድርጅት አቋቋሙ። ገጸ ባሕርያቱ የራሳቸው ንብረት ሆነው፣ ኅትመቱንና ስርጭቱን ዲሲ እንዲሠራላቸው ተዋዋሉ። «አይከን»፣ «ሃርድዌር»፣ «ስታቲክ» የመሳሰሉ፣ ከማንም ያልተወረሱ ጀግኖች ፈጠሩ። ሥራቸው ዛሬም ሲነበብ ጥራቱ ያስደንቃል። ሆኖም በ1997 የኮሚክስ ኅትመቱ ቆመ። ስታቲክ በ2000 የቴሌቪዥን ካርቱን ሆኖ ሲመለስ ብዙ ልጆች ወደዱት፤ በኮሚክስ መደብር ቅድመ ትዕዛዝ ማለፍ ያልነበረበት መድረክ ነበርና። ማርቭልም በ2003 ክሪስቶፈር ፕሪስት የጻፈውን «ዘ ክሩ» አወጣ፤ የ«እውነት»ን የታሪክ መስመር ይዞ የአይዛያ ብራድሊን ልጅ ከዋና ገጸ ባሕርያቱ አንዱ ያደረገ ሥራ ነበር። ሰባት ቁጥር ላይ ተቋረጠ።

ምክንያቱን ለማስረዳት ከእኛው ታሪክ የምናውቀውን ርስት ብጠቅስ ይቀላል። በኮሚክስ ዓለም ርስቱ ስም ነው። ሱፐርማን በ1938፣ ባትማን በ1939፣ ካፒቴን አሜሪካ ከ1940 ወደ 1941 በተሻገረው ክረምት፣ ሸረሪት ሰው በ1962 ስማቸውን ተከሉ። ዋናው መሬት የተመራው በእነዚያ ሩብ ክፍለ ዘመን ባልሞሉ ዓመታት ነው፤ በዚያን ጊዜ ጥቁር ደራሲና ሠዓሊ በእነዚህ ቤቶች ውስጥ ከጥቂት በስተቀር አልነበረም፤ ጥቁር ጀግናም እንዲሁ። ብላክ ፓንተር የመጣው በ1966፣ ፋልከን በ1969፣ ሉክ ኬጅ በ1972 ነው። ዘግይቶ የመጣው ሰው አዲስ መሬት እንዲያቀና ሲነገረው ምክሩ በቃል ደረጃ ፍትሐዊ ነው። የቀረው መሬት ግን ጭንጫ ነው፤ ባለ መደብሩም በጭንጫ ላይ ገንዘቡን አይዘራም። አሳታሚው ጥቁር ዋና ገጸ ባሕርይ ለመሸጥ ሲፈልግ በነባሩ ስም ውስጥ የሚያስገባው ከድፍረት የተነሣ እንዳይመስለን። ርካሹ መንገድ እርሱ ስለሆነ ነው።

ከዚህ የሚከተለውን ደግሞ የለውጡ ደጋፊዎች መስማት አይወዱም፤ በነባር ስም ላይ የሚደረግ የቀለም ለውጥ ሁሉ ክብር የለውም። በ2011 ኢድሪስ ኤልባ «ቶር» በተሰኘው ፊልም የኖርዲኩን አምላክ ሄምዳልን ሲጫወት ጩኸት ነበር፤ ተዋናዩ ግርማ ነበረው፣ ገጸ ባሕርዩ ግን ከለውጡ የተነሣ አንዳች አዲስ ነገር አልተናገረም። በ2015ቱ «ፋንታስቲክ ፎር» ማይክል ቢ. ጆርዳን ጆኒ ስቶርምን ሲሆን፣ ፊልሙ ጥቁር ልጅና ነጭ እኅት በአንድ ቤት ሲያድጉ ምን ሊሆን እንደሚችል ለመጠየቅ ዕድሉን አግኝቶ አልፎት ሄደ። በአንጻሩ አዲስ አበባ የተወለደችው፣ አባቷ ኢትዮጵያዊ እናቷ አየርላንዳዊት የሆኑት ሩት ኔጋ «ፕሪቸር» በተሰኘው ተከታታይ ፊልም (ከ2016 እስከ 2019) በኮሚክሱ ነጭና ብሎንድ የሆነችውን ቱሊፕ ኦሄርን ስትጫወት፣ ገጸ ባሕርይዋን ከወረቀቱ ይልቅ ሕያው አድርጋ የራሷ አደረገቻት ብዬ አምናለሁ። ወገኔ ስለሆነች ነው ብትሉኝም አልቀየምም።

ወደ «እውነት» ልመለስ። የዚህ መጽሐፍ ልዩነቱ ማንንም አለመቀየሩ ነው። ስቲቭ ሮጀርስ እንደ ነጭነቱ፣ እንደ ቅንነቱም ይኖራል። የተቀየረው ከእርሱ ጎን የነበረውና ያልተነገረው ነው። በታሪኩ ከአንድ የጥቁሮች ማሠልጠኛ ካምፕ ሦስት መቶ ወታደሮች ይወሰዳሉ፤ ምስጢሩ እንዳይወጣ በካምፑ የቀሩት ይገደላሉ። ከተወሰዱት አብዛኞቹ በሙከራው ይሞታሉ። በመጨረሻ የሚቀረው አይዛያ ብራድሊ ለሮጀርስ የተዘጋጀውን ልብስ ሰርቆ ይለብስና ብቻውን ወደ ጀርመን ይሄዳል። ሲመለስ የሚጠብቀው የጦር ፍርድ ቤት ነው። አሥራ ሰባት ዓመት ታስሮ በምሕረት ሲወጣ ላለመናገር ይምላል። መድኃኒቱ አእምሮውን ቀስ በቀስ ስለጎዳው፣ በእኛ ዘመን የምናገኘው አይዛያ እንደ ሕፃን ልጅ ፈገግ የሚል ሽማግሌ ነው። የሆነውን የምትናገርለት ሚስቱ ፌይዝ ናት።

ይህ ከየት እንደ መጣ ለአሜሪካ አንባቢ ማስረዳት አያስፈልግም ነበር። ከ1932 እስከ 1972 የአሜሪካ የሕዝብ ጤና አገልግሎት በአላባማ ክፍለ ሀገር፣ በተስኪጊ አካባቢ፣ ወደ ስድስት መቶ የሚጠጉ ጥቁር ወንዶችን «ሕክምና እንሰጣችኋለን» እያለ አንድ ነገር ብቻ ሲከታተል ኖረ፤ ቂጥኝ ሳይታከም ሲቀር በሰው አካል ላይ የሚያደርሰውን። ከእነርሱ 399ኙ በሽታው ነበረባቸው። ፔኒሲሊን በ1940ዎቹ መጨረሻ የታወቀ መድኃኒት ከሆነ በኋላ እንኳ አልተሰጣቸውም። ነገሩ በ1972 በጋዜጣ ተጋለጠ፤ ፕሬዚዳንት ክሊንተን በመንግሥት ስም ይቅርታ የጠየቁት በ1997 ነው። መጽሐፉ ከዚያ ይቅርታ በኋላ በአምስት ዓመት ተኩል ገደማ ወጣ።

ደግሞም ልብ ወለዱ ያልጠቀሰው አንድ እውነት ከኋላው መጣ። በ2015 የአሜሪካ የሕዝብ ራዲዮ ኤን.ፒ.አር. ባወጣው ዘገባ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ጦሩ የሰናፍጭ ጋዝ ሲሞክር ጥቁር፣ ጃፓናዊ አሜሪካዊና ፖርቶ ሪካዊ ወታደሮችን በዘራቸው ለይቶ እንደ ተጠቀመባቸው ተገለጠ። ንጽጽር የሚሆኑት ነጭ ወታደሮች ነበሩ። ወታደሮቹ እንዳይናገሩ ታዝዘው ነበር። በ2002 «ይህ የማይሆን ግነት ነው» ብለው የተከራከሩት ሰዎች፣ ጦሩ በዘር ከፋፍሎ በራሱ ወታደር ላይ አይሞክርም ማለታቸው ነበር።

በዚህ ቦታ ሙያዬ የሚያውቀውን አንድ ጥናት ላንሣ። ማርሴላ አልሳንና ማሪያን ዋናሜከር የተባሉ ሁለት ኢኮኖሚስቶች በ2018 ባሳተሙት ሥራ፣ የተስኪጊ ጉዳይ በ1972 መጋለጡ በጥቁር ወንዶች የሕክምና አጠቃቀም ላይ ያደረሰውን መረመሩ። ከተስኪጊ ያለው ርቀት አንዱ መለኪያቸው ነበር። ግምታቸው ይህ ነው፦ ከመጋለጡ በኋላ በተከሰተው አለመተማመን ምክንያት ዕድሜያቸው 45 የደረሰ ጥቁር ወንዶች ቀሪ የዕድሜ ተስፋ እስከ አንድ ዓመት ተኩል ቀንሷል፤ ይህም በ1980 በጥቁርና በነጭ ወንዶች መካከል ከነበረው የዕድሜ ተስፋ ልዩነት 35 በመቶ ያህሉን ያስረዳል። ቁጥሩን እንደ ማንኛውም ግምት በጥንቃቄ መያዝ ይገባል። አቅጣጫው ግን ግልጽ ነው፤ ሙከራው የገደላቸው ሙከራው ውስጥ የነበሩትን ብቻ አይደለም። ሐኪም ቤት ከመሄድ የቀሩትም በዚያ ሒሳብ ውስጥ ይገባሉ።

መጽሐፉን ሁለተኛ ጊዜ እንድከፍት ያደረገኝ ይህ ጥናት ነው። የመጀመሪያው ጊዜ ገና የድኅረ ምረቃ ተማሪ ሳለሁ ነበር፤ ከሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ተውሼ ጥቂት ገጾች ካየሁ በኋላ ዘጋሁት። ያዘጋኝ ሥዕሉ ነው። የጥቁሮቹ ፊት ክብ፣ ዓይናቸው የፈጠጠ፣ ከንፈራቸው የጎላ መሰለኝ፤ አፈርኩ፣ ተናደድኩም። ስለዚህ ሥዕሉን የተቃወሙትን ሰዎች አልንቃቸውም፤ ከእነርሱ አንዷ ነበርሁ።

ቁጣቸው መሠረት የለሽ አልነበረም። ዛሬ ማርቭል የሚባለው ቤት፣ ያኔ ታይምሊ ይባል በነበረበት በ1941፣ የካፒቴን አሜሪካ አጋር የሆኑ ልጆችን ታሪክ ሲያወጣ ብቸኛውን ጥቁር ልጅ «ኋይትዋሽ ጆንስ» የሚል ስም ሰጥቶት ነበር፤ ትርጉሙ «ኖራ የተቀባ» ለማለት የቀረበ ነው። መልኩም በመድረክ ላይ ነጮች ጥቀርሻ ተቀብተው ጥቁሮችን ሲያላግጡ ከሚታዩት የተቀዳ ነበር። ታላቁ ዊል አይስነር በ1940 በጀመረው «ዘ ስፒሪት» ውስጥ ያለው ኤቦኒ ኋይትም ከዚህ የተሻለ መልክ አልነበረውም። ከማላገጡ ሌላ መሰረዝም ነበር። በ1956 ኢሲ የተባለው አሳታሚ «የፍርድ ቀን» የተሰኘ አጭር ታሪኩን እንደገና ሊያትም ሲል፣ የኮሚክስ ቁጥጥር ቢሮው ኃላፊ በመጨረሻው ሥዕል ላይ የሚታየው የጠፈር ተጓዥ ጥቁር መሆን የለበትም ብለው ተቃወሙ። የታሪኩ ነጥብ ሁሉ በዚያ ፊት ላይ ነበር። አሳታሚው ዊልያም ጌንስ እምቢ ብሎ እንዳለ አተመው። በ1963 ደግሞ የሳጅን ፊዩሪ ጓድ የሆነው ጌብ ጆንስ በመጀመሪያው ቁጥር በነጭ ሰው ቀለም ታተመ፤ ማተሚያ ቤቱ ጥቁር መሆኑን ስሕተት መስሎት እንዳረመው ይነገራል። እንግዲህ የዚህ ጥበብ አንባቢ የሆነ ጥቁር ሰው የቤከርን ክብ ፊቶች ሲያይ ይህ ሁሉ ቢመጣበት ምን ይደንቃል?

ሁለተኛ ጊዜ ሳነበው ግን ያላየሁትን አየሁ። አንደኛ፣ ቤከር ራሱ ጥቁር አሜሪካዊ ነው፤ ይህ ብቻውን ነጻ አያወጣውም፤ ያንን የማላገጫ ሥዕል ታሪክ ሳያውቅ እንዳልሣለ ግን ይነግረናል። ሁለተኛ፣ የሚያጋንነው ሁሉንም ነው፤ ነጮቹ መኮንኖች ከጥቁሮቹ የባሰ አስቀያሚ ናቸው። ሦስተኛውና ዋናው፣ በታሪኩ ውስጥ የሰው አካል ያብጣል፣ ይጣመማል፣ ይፈነዳል። የተለመደው የጀግና ሥዕል ያበጠ ጡንቻን እንደ ክብር ያሳያል፤ ቤከር እብጠቱን እንደ በሽታ ሣለው። ልብ የሚሰብር ጡንቻማ ጥቁር ጀግና ሥሎልን ቢሆን፣ መድኃኒቱ ጥሩ ነበር ብለን ከመጽሐፉ እንወጣ ነበር።

በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ያደግን ሰዎች ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ የለብንም። በነባሩ የአገራችን ሥዕል ጻድቁ በሙሉ ፊቱ፣ በሁለት ዓይኑ ያየናል፤ ክፉው በአንድ ዓይኑ፣ በጎኑ ይሣላል። ሠዓሊው መልክ ሳይሆን ፍርድ ነው የሚሥለው። ከውጭ የመጣ ሰው «መጠኑ ልክ አይደለም» ቢል ቋንቋውን እንዳላወቀ እንረዳለን። የቤከርም ካርቱን እንዲሁ የራሱ ቋንቋ ነው፤ እኔ ግን በመጀመሪያው ቀን በሌላ ቋንቋ ልናገረው ሞከርኩ።

ይህን ስል ሁሉም ገጽ ተሳክቷል ማለቴ አይደለም። በተለይ በመጀመሪያዎቹ ቁጥሮች ቀልዱና ድንጋጤው የሚረጋገጡበት ቦታ አለ፤ የአንዳንዱ ገጽ ጀርባ ባዶ ሆኖ የተቻኮለ ይመስላል፤ የወታደሮቹም ፊት አንዱ ከሌላው ሲምታታብኝ ወደ ኋላ የገለጥኩባቸው ጊዜያት ነበሩ። ሞታቸው እንዲሰማን የሚፈለግ ሰዎች ሊምታቱብን አይገባም ነበር። እንዲህ ያለውን ወቀሳ በ2003 ብዙ አልሰማንም፤ ለመናገር ማንበብ ያስፈልግ ነበርና።

ከዚያ በኋላ የሆነው ይታወቃል። በ2005 የአይዛያ የልጅ ልጅ ኢላይ በ«ያንግ አቬንጀርስ» ብቅ አለ። በ2014 በኮሚክሱ ሳም ዊልሰን ካፒቴን አሜሪካ ሆነ፤ ጩኸቱም ቃል በቃል ያው ነበር። በ2021 የፀደይ ወቅት የዲዝኒ ተከታታይ ፊልም አይዛያን በካርል ለምብሊ አማካይነት ለሚሊዮኖች አሳየ። ያ አይዛያ አእምሮው ሙሉ ነው፤ ይናገራል፣ ይቆጣል፤ በመጨረሻው ክፍል ሳም ወደ ስሚዝሶኒያን ሙዚየም ወስዶ በስሙ የቆመለትን ሐውልት ያሳየዋል። ሮበርት ሞራሌስ ይህን አላየም፤ በ2013 አርፏል።

ሐውልቱ ደስ ያሰኛል፤ ባየሁት ጊዜ እኔም አልቅሻለሁ። የእህቴ ልጅ ግን አብሮኝ እያየ ሳለ «ታዲያ ለምን እስከ ዛሬ አላቆሙለትም?» አለኝ፤ የዐሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነበር። የፊልሙ መንግሥት በአንድ ሐውልት ዕዳውን የዘጋ ይመስላል። መጽሐፉ እንዲህ አይዘጋም። በመጽሐፉ መጨረሻ ስቲቭ ሮጀርስ እውነቱን ፈልጎ ወደ አይዛያ ቤት ይመጣል። ሽማግሌው ማን እንደ መጣ ምን ያህል እንደ ገባው አናውቅም፤ የገረጣውንና የተቀዳደደውን የቀድሞ ልብሱን ለብሶ፣ ከእውነተኛው ካፒቴን ጎን ቆሞ ፎቶ ይነሣል፤ በክብ የካርቱን ፊቱ ይሥቃል። ልጁ መጽሐፉን ወስዶታል፤ እስካሁን አልመለሰልኝም።